የእቁብ ብር ሽያጭ ተብሎ ግብር ተወሰነብን፤ 21 ቀን አለን፣ ምን እናድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ የግንባታ ዕቃ እንሸጣለን፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፣ የቫት ተመዝጋቢም ነው። የ2013፣ የ2014 እና የ2015 ሒሳባችን ኦዲት ሲደረግ ቆይቶ ሰኞ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ የውሳኔ ማስታወቂያው ደረሰን። ኦዲተሮቹ የባንክ ስቴትመንታችንን ይዘው ገቢ የሆነውን ሁሉ ደምረዋል። ካሳወቅነው ሽያጭ በ4,180,000 ብር ስለበለጠ ልዩነቱን በሙሉ ያልተገለጸ ሽያጭ ብለውታል። 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር 1,254,000፣ 15 በመቶ ቫት 627,000፣ ፍሬ ግብሩ ብቻ 1,881,000 ብር። ቅጣቱና ወለዱ ከዚህ ላይ ነው። ከብሩ ውስጥ እኮ የወጣልን እቁብ አለ፣ ከአንዱ ባንካችን ወደ ሌላው ያዛወርነው አለ፣ እህቴ ከውጭ የላከችልን አለ። ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ሱቁን ብንሸጥ እንኳ አንከፍለውም። ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ገብቼ ላስረዳቸው?

ይህን የጻፍኩት መጋቢት 5 ነበር። ከዚያ የመጣውን መልስ በተራ አስፍሬዋለሁ፤ ነገ እንዲህ ያለ ወረቀት ለሚደርሰው ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። የሰዎቹን ስም አልጽፍም፣ ቃላቸውንም እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ያሉትን ግን አልለወጥኩም።

1ኛ መልስ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የደረሰ ነው። ጸሐፊው ከምንም በፊት ማስታወቂያውን የፈረምኩበትን ቀን ጠየቀኝ። ከዚያ በታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ በ983/2008፣ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሆኑን ነገረኝ፤ ቆጥሮም የእኔ መጨረሻ መጋቢት 23 እንደሚሆን ጻፈልኝ። ገብቼ ላስረዳ ያልኩትን አልወደደውም። ቢሮ ገብቶ ማስረዳት ይቻላል፣ ቀኑን ግን አያቆመውም አለ። እሱ ራሱ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲመላለስ፣ ነገ ና ሲባል፣ ነገ ሄዶ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ሲባል፣ 26ኛው ቀን ላይ ነቃ። ቅሬታውን የሚቀበለው አላገኘም።

2ኛ መልስ። አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር መንገዱን ያሳይሽ የሚል ነበር። ከዚህ ሌላ አልጻፈም፣ ግን ያን ቀን የሚያስፈልገኝ እሱም ነበር።

3ኛ መልስ። እሑድና የበዓል ቀን ስለማይቆጠሩ ጊዜ አለሽ፣ አትቸኩዪ አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

4ኛ መልስ። ደስታዬን በአንድ መስመር ወሰደው። የ3ኛውን ጸሐፊ በሰው ቤት አትቀልድ ብሎ ገሠጸውና ሁሉንም ቀን ቁጠሪ አለኝ። ጊዜ ይጨመርልኝ ማለት የሚቻለው ቀኑ ሳያልፍ በጽሑፍ፣ በቂ ምክንያት ተገልጾ እንደሆነ፣ የሚፈቀደውም ከ10 ቀን እንደማይበልጥ ጻፈ። 3ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከሌላ ጉዳይ ጋር አምታትቶት ነበር።

5ኛ መልስ። የዚህ ክር፣ ማለትም የዚህ ጥያቄና መልስ፣ እምብርት ይህ ነው። የጻፉት ሐዋሳ የሚኖሩ ሒሳብ አዋቂ ናቸው፣ ረጅም ነው፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ነገራቸው ሲጠቀለል፣ በታክስ ክርክር ውስጥ ውሳኔው ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሽያጭ ነው ካለ ሽያጭ አለመሆኑን የማሳየው እኔ ነኝ። እንባ አይቆጠርም፣ ሱቁ ትንሽ መሆኑም አይቆጠርም። ስለዚህ ተበድያለሁ የሚል ሦስት ገጽ ደብዳቤ ከመጻፍ አንድ ሠንጠረዥ ሥሪ አሉኝ። በመጀመሪያው ዓምድ ብሩ ባንክ የገባበት ቀን፣ በሁለተኛው መጠኑ፣ በሦስተኛው ምን እንደሆነ፣ በአራተኛው የሚያረጋግጠው ወረቀትና የአባሪ ቁጥሩ። አራተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ካለ ሽያጭ ተብሎ እንደሚቀር አሁኑኑ እንዳውቀው አሳሰቡኝ። ደብዳቤውም በደፈናው ውሳኔው ይሻር አይልም፤ የትኛው ነጥብ እንደተሳሳተ፣ ለምን፣ ወደ ስንት ብር መስተካከል እንዳለበት ለይቶ መጥቀስ አለበት። እንዲህ ካልሆነ ቅሬታው እንደቀረበ ላይቆጠር ይችላል።

6ኛ መልስ። የራሴ ነው፣ ከሁለት ቀን በኋላ። ባለቤቴ ስቴትመንቱን እያነበበ እኔ በደብተር ስጽፍ ሁለት ሌሊት አነጋን። 1,310,000 ብሩ ከራሳችን አካውንት ወደ ራሳችን አካውንት የተዛወረ ነው፤ አንዱ ባንክ በወጪ፣ ሌላው በገቢ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መጠን። 640,000 ብሩን እህቴ ልካዋለች፣ የባንኩ የሐዋላ ወረቀት በሦስት ላስቲክ ታስሮ መሳቢያ ውስጥ ነበር። 430,000 ብሩ አንድ ኮንትራክተር ለብረት ቅድሚያ ከፍሎ፣ ብረቱ ስላልመጣለት በቼክ የመለስንለት ነው። 1,200,000 ብሩ እቁብ ነው። ቀሪውን 600,000 ብር ግን ብናገላብጠው ብናገላብጠው ምን እንደሆነ ማስታወስ አቃተን።

እቁቡ ላይ ያየሁትን እዚህም ልድገመው። አርባ ሰው፣ በሳምንት 30,000። በስቴትመንቱ ላይ በየሰኞው 30,000 ብር ይወጣል፤ ፋሲካ ሳምንት ሳይቀር፣ አርባ ሰኞ ሙሉ፣ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ ተደርድሯል። መሐል ላይ በአንዱ ማክሰኞ 1,200,000 ይገባል። ኦዲተሩ የገባውን አንዱን መስመር አየ፣ የወጡትን አርባዎቹን አላየም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ይዤ አይቼው አላውቅም።

7ኛ መልስ። ቁጣ ያለበት ነው። ጸሐፊው በድርጅት ስም ካለ አካውንት የግል እቁብ መጣል ምን ማለት ነው ብሎ ጀመረ። ማኅበሩ በሕግ ፊት ከእኔና ከባለቤቴ የተለየ ሰው መሆኑን፣ ብሩን በየሰኞው ማውጣታችን ራሱ ለባለቤት የተከፈለ የትርፍ ድርሻ ነው ሊባል እንደሚችል፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቼ ሌላው ውስጥ እንዳልገባ አስጠነቀቀኝ። አጻጻፉ አመመኝ፣ ሐሳቡ ግን እውነት ነበር። አብዛኞቻችን ኪሳችንንና ካዝናችንን ለይተን አናውቅም፤ ፈቃዱ ማኅበር ይላል፣ አሠራራችን ግን የቤት ነው።

8ኛ መልስ። የሐዋሳው ሒሳብ አዋቂ ተመለሱ። ለ7ኛው ልክ ነህ፣ ግን ዝቅ አድርገህ ተናገር አሉት። ለእኔ፣ እቁቡ የተጣለው በድርጅቱ ስም መሆኑንና የወጣውም ለዕቃ ግዢ መዋሉን የሚያሳይ የግዢ ደረሰኝ እንድፈልግ ነገሩኝ። ቀጥለው ያልጠበቅኩትን ጻፉ። ማስረጃ የሌለሽን 600,000 ብር አትከራከሪበት፣ እንዲያውም ክፈዪው አሉ። ቅሬታ በትክክል ቀረበ የሚባለው ያልተካደው ግብር ከተከፈለ ብቻ ስለሆነ፣ በውሳኔው ስሌት 180,000 የትርፍ ግብርና 90,000 ቫት፣ በድምሩ 270,000 ብር ከፍዬ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር እንዳያይዝ መከሩኝ። መጀመሪያ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው መሰሉኝ። ሳድር ገባኝ። ሁሉንም የሚክድ ሰው የሚያምነው የለም፤ ያላወቀውን አላወቅኩም ብሎ የከፈለ ሰው በቀረው ላይ ይደመጣል።

9ኛ እና 10ኛ መልስ። ሁለት ባለሙያዎች እርስ በርስ ተያያዙ። አንደኛው፣ ሽያጭ ከተጨመረ የዕቃው መግዣ ዋጋም መታሰብ አለበት፤ ሚስማሩ ከሰማይ አልወረደም፣ ገቢውን በሙሉ ትርፍ አድርጎ 30 በመቶ መምታት ልክ አይደለም አለ። ሁለተኛው፣ ወጪ የሚያዘው በደረሰኝ ነው፣ ደረሰኝ የሌለው ግዢ ለግብር ሲባል የለም አለው። የመጀመሪያው ሳይሸነፍ ሌላ ነገር አነሳ። ደንበኛ ባንክ ያስገባው ብር ቫትን ጨምሮ ነው፤ ስለዚህ 15 በመቶ ከላይ ከመጨመር ይልቅ ብሩን በ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ይገባል። በዚህ ስሌት የ4,180,000 ቫት 627,000 መሆኑ ቀርቶ 545,217 ብር ገደማ ይሆናል። ይህን በሁለተኛ ደረጃ መከራከሪያ አድርጌ አስገባሁት፤ ዋናው ነጥቤ ውድቅ ቢሆን እንኳ ይህ ይታይልኝ በሚል።

11ኛ መልስ። የት ሱቅ እንደሆነ ጠይቆ የቆርቆሮ ዋጋ ማወቅ ፈለገ። አልመለስኩለትም።

12ኛ መልስ። ይህን ሁሉ ሠንጠረዥ ምን አደከመሽ፣ ጉዳይ ገዳይ አውቃለሁ፣ የፍሬ ግብሩን አሥር በመቶ ካሰናዳሽ በሳምንት ያልቃል አለ። በውስጥ መስመር ስልኩንም ላከልኝ።

13ኛ፣ 14ኛ እና 15ኛ መልስ። ክሩ ጦፈ። አንዱ 12ኛውን ሌባ አለው። ሌላው፣ አገሩ እንዲህ ነው፣ ንጹሕ ነኝ የሚል ድንጋይ ይወርውር አለ። 15ኛዋ ከባሕር ዳር የጻፈች እህት ናት፣ የእሷን ታሪክ አልረሳውም። ከአራት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ሰው በኩል ብር ሰጥታ ፋይሉ ተዘጋ ተብላ ነበር። ወረቀት ግን አልተሰጣትም፤ የምን ወረቀት? በዓመቱ ሌላ ቡድን መጥቶ ያንኑ ዘመን ከፈተው። ውሳኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ሊሻሻል ይችላል፣ ማጭበርበር አለበት ከተባለ ደግሞ የጊዜ ገደብ የለውም። ቅሬታ አላስገባች፣ ቀኑ አልፏል፣ የከፈለችውን ብር ለማን ከፈልኩ ትላለች? እኔ ለ12ኛው የመለስኩት አጭር ነው፤ ልጆቼ ፊት ማስረዳት የማልችለውን ገንዘብ አልከፍልም ብያለሁ። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምለው።

16ኛ መልስ። የአዳማ ነጋዴ ነው። የእሱ ጉዳይ ከእኔ ይከብዳል። ከአንድ አቅራቢ በደረሰኝ የገዛው ዕቃ ነበር፤ በኋላ አቅራቢው ዕቃ ሳይሸጥ ደረሰኝ ብቻ ይሸጥ ነበር ተባለ። በግዢ የጠየቀው ቫት ተሰረዘበት፣ ወጪውም ተሰረዘበት፣ ከዚያ በሐሰተኛ ደረሰኝ በመጠቀም ተጠርጥረሃል ተብሎ ለምርመራ ተጠራ። ዕቃውን በእርግጥ ተረክቦ ነበር፤ ግን የከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው፣ የጭነት ወረቀት የለውም፣ የመጋዘን ገቢ ደረሰኝ አልቆረጠም። ከደረሰኙ በቀር ምንም አልነበረውም፤ የተከሰሰውም በዚያው ደረሰኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻጭ የቱንም ያህል ቢቸኩል በባንክ ይከፍላል፣ የመኪናውን ታርጋ ሳይቀር በመረከቢያው ላይ ይጽፋል።

17ኛ መልስ። ጠበቃ ነች። 16ኛውን ተከትላ፣ ኦዲትና የወንጀል ምርመራ አንድ እንዳልሆኑ ገለጸች። በኦዲት ጊዜ የተጠየቅሽውን መዝገብና ሰነድ ማቅረብ ግዴታሽ ነው፤ መደበቅ ራሱ ያስቀጣል። በወንጀል ተጠርጥረሽ ስትያዢ ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 አለ፤ ዝም የማለት መብት አለሽ፣ የምትሰጪው ቃል ፍርድ ቤት በማስረጃነት ሊቀርብብሽ ይችላል። ስለዚህ የተጠራ ሰው አስቀድሞ የተጠራሁት ለየትኛው ነው ብሎ ይጠይቅ፣ ለሁለተኛው ከሆነ ጠበቃ ሳይዝ አይፈርም አለች። ለእኔ ጉዳይ፣ በዚህ ደረጃ ከጠበቃ ይልቅ ጥሩ ሒሳብ አዋቂ ይበቃሻል ማለቷ አስገረመኝ፤ ገበያዋን ዘግታ እውነቱን ነገረችኝ።

18ኛ መልስ። ወደ ሌላ ነገር ሄደ። የ2009ን የቀን ገቢ ግምት አነሳ፤ በዚያ ሐምሌ አምቦና ወሊሶ ሱቅ የተዘጋበትን፣ ሰው ምን ያህል እንደተቆጣ። የተናገረው ከልቡ ነው፣ ሁለት ረጅም አንቀጽ ነው።

19ኛ መልስ። በትሕትና መለሰው። ያ ግምት ደረጃ ሐ ለነበሩት፣ መዝገብ ለማይዙት ነው፤ የእህታችን መዝገብ ያለው ድርጅት ነው፣ አንድ ላይ አታድርጋቸው አለ። ጨምሮም በክልል የሚተዳደር ግለሰብ ነጋዴ የሚዳኘው በክልሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ስለሆነ፣ እዚህ የተጻፈውን የፌዴራል አንቀጽ ከመገልበጡ በፊት የራሱን እንዲያይ አሳሰበ። የእኛ ፋይል ፌዴራል ነው።

20ኛ መልስ። ሜሪላንድ የሚኖር፣ ታክሲ የሚነዳ ወንድም ነው። እሱም በአሜሪካው የግብር መሥሪያ ቤት፣ በአይአርኤስ፣ ተመርምሮ ያውቃል። የነዳጅና የጥገና ወጪውን ደረሰኝ አልያዘም ነበርና አብዛኛው ተቆረጠበት፤ ስለዚህ እዚያም ወረቀት ወረቀት ነው። ግን ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ፍርድ ቤት መሄድ ይችል ነበር፣ የተጠየቀውን ግብር አስቀድሞ ሳይከፍል፣ በ60 ዶላር የመዝገብ መክፈቻ። እኛ አገር ስንት ነው ብሎ ጠየቀ።

21ኛ መልስ። ስንት እንደሆነ ነገሩት፣ በምሬት። የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አጣሪ ካልተቀበለሽ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ትሄጃለሽ፤ ለዚያ ክርክር የተነሣበትን ግብር 50 በመቶ ታስይዣለሽ። ኮሚሽኑ ካልተቀበለሽ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በሕግ ነጥብ ብቻ፣ 75 በመቶ ከፍለሽ። ቅጣትና ወለዱ በዚህ ስሌት አለመግባቱ ብቻ ነው ማረፊያው። የእኔን አሰላልኝ፤ 270,000 ከተነሣ በኋላ የሚቀረው 1,611,000 ነው፣ ኮሚሽን ለመድረስ 805,500፣ ፍርድ ቤት ለመድረስ 1,208,250 ብር። ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልደብቅም። ግብሩ ስሕተት ነው ለማለት ግማሹን መክፈል ካለብኝ፣ ግማሹ የሌለው ሰው አቤቱታ የት ይሄዳል? ስንቱ ባዶ እጁን ቤቱ ተቀምጧል?

22ኛ መልስ። ጡረታ የወጡ የግብር ኦዲተር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ክሩ ውስጥ የሌላው ወገን ድምፅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማስያዣ ባይኖር ይግባኝን ለማዘግየት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው እንደሚበዛ፣ በዘመናቸው ዓይተው እንደሚያውቁ ጻፉ። ደግሞም ኦዲተር ሰነድ አምጡ ሲል ሒሳብ ሠራተኛው ከአገር ወጥቷል፣ ካርቶኑ በዝናብ ረጥቧል እየተባለ ስንት ቀን እንደሚያልፍ፣ በመጨረሻ በእጁ የቀረው የባንክ ስቴትመንት ስለሆነ በሱ እንደሚወስን ነገሩን። አፈርኩ። እኛም ኦዲቱ ላይ የእቁቡን ነገር ማንም ስላልጠየቀን አልተናገርንም ነበር። ሆኖም 50 በመቶው ላይ ከእሳቸው ጋር አልስማማም። አዘግዪውን የሚያስቀር ወለድ አለ፤ ከፍተኛው የባንክ ማበደሪያ ወለድ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮበት ነው የሚታሰበው፣ ያ አይበቃም?

23ኛ መልስ። የራሴ። ዓርብ መጋቢት 20፣ በ18ኛው ቀን፣ ቅሬታውን አስገባሁ። አራት ገጽ ደብዳቤ፣ ስድስት ገጽ ሠንጠረዥ፣ 212 ገጽ አባሪ። 270,000 ብሩን በሲፒኦ ከፍለናል፤ ለዚህም የሱቁን የጭነት አይሱዙ ሸጠናል። መዝገብ ቤቷ ልጅ ዋናውን ተቀብላ የኔን ቅጂ ሳታይ ልትመልስልኝ ስትል፣ የ1ኛውን ጸሐፊ መመላለስ አስታወስኩና በቅጂው ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ማኅተሙን እንድታደርግልኝ ለመንኳት። አደረገችልኝ። ሰማያዊው ማኅተም ገና አልደረቀም ነበር፣ በአውራ ጣቴ ነክቼ አበላሸሁት፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል።

24ኛ መልስ። ሒሳብ አዋቂው እንኳን ደስ አለሽ ሳይሉ ሌላ ቀን ሰጡኝ። መሥሪያ ቤቱ በ180 ቀን ውስጥ ካልወሰነ መልስ ሳልጠብቅ በቀጣዩ 30 ቀን ለኮሚሽኑ ይግባኝ ማለት እችላለሁ። ጳጉሜን 5 ቀን ቆጥረው መስከረም 15 ቀን 2017 ላይ አቆሙልኝ።

ከዚያ ክሩ ለአምስት ወር ጸጥ አለ።

25ኛ መልስ። የራሴ፣ ነሐሴ 15። ውሳኔው ደረሰ። የባንክ ለባንክ ዝውውሩ ወጥቷል፣ የእህቴ ብር ወጥቷል፣ ለኮንትራክተሩ የተመለሰው ወጥቷል። እቁቡ አልወጣም። የእቁቡ ደብተር የሦስተኛ ወገን ማረጋገጫ የለውም ተባለ። በ1,200,000 ላይ የቀረብን ፍሬ ግብር 540,000 ነው፤ ግማሹ 270,000። ሁለተኛ 270,000!

26ኛ መልስ። 7ኛው ነው፣ ያ የተቆጣው። በዚህ ጊዜ ለስላሳ ነበር። የ39ኙን አባላት የባንክ ስቴትመንት ባገኝም ባላገኝም ቢያንስ በባንክ የጣሉትን ሰዎች እንድፈልግ ነገረኝ፤ የእነሱ 30,000 በዚያው ሰኞ ከወጣ፣ ብሩም ከእቁቡ ዳኛ አካውንት ወደ እኔ ከገባ፣ ከደብተር የተሻለ ማረጋገጫ ባንኩ ራሱ ነው። አሥራ አንድ ሰው ተገኘ። አንዳንዱ ስቴትመንቱን ለማሳየት ፈራ፣ የራሴን ቢያዩብኝስ አለ፤ አልፈረድኩበትም።

27ኛ መልስ። የራሴ፣ የመጨረሻው። መስከረም 3 ይግባኙ ለኮሚሽኑ ገብቷል፣ 270,000 ብሩ ተይዟል። የእቁባችን ዳኛ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለው ራሳቸው ይዘውት መጡ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ለጣለ ጭረት፣ ላልጣለ ክብ። ክብ ያለው አንድ ስም ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በማግሥቱ በቀይ ተሰርዟል። አስፈላጊ ከሆነ ቆሜ እናገራለሁ ብለውኛል። ቀጠሮው ኅዳር 12 ነው።